የፒንቦል ሰሌዳ ቤት ውስጥ ለመጠገን የገዛኋቸው ዕቃዎች፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይቅር?

ሰሌዳው የተላጠ የፒንቦል ማሽን (የብረት ኳስ ዘንበል ባለ ባለሥዕል ሰሌዳ ላይ እየተመታ የሚንከባለልበት የጨዋታ ማሽን) እጃችሁ ከገባ፣ ቀለምም ክሊርም (ቀለሙን ከላይ የሚሸፍነው ግልጽ ቫርኒሽም) ከመግዛታችሁ በፊት አዲስ ኳስ ግዙ። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው፤ ለሰሌዳው ግን ከእሱ የሚበልጥ ውለታ የሚውል ዕቃ የለም። የፒንቦል ኳስ 80 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ 27 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ድፍን ብረት ነው። ፊቱ አንዴ ከተጫረ በሄደበት ሁሉ ቀለሙን እየፋቀ ይሄዳል። አሮጌውን ኳስ አውጥታችሁ መስኮት አጠገብ አገላብጡት፤ የመስኮቱን ጠርዝ ጥርት አድርጎ ካላሳያችሁ ወደ ማሽኑ አትመልሱት። ሰሌዳውን ወራት ሙሉ ሲጠግን ከርሞ ያንኑ የተቦጫጨረ ኳስ መልሶ የሚጥልበት ሰው ብዙ ነው፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ያ ሁሉ ድካም ያሳዝነኛል።

የእኔ ማሽን ጎርጋር ይባላል። የቺካጎው ዊሊያምስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ሲሆን፣ በሰው ቃል የተናገረ የመጀመሪያው ፒንቦል እሱ ነው። የሚያውቀው 7 ቃላት ብቻ ነው፤ እነዚያኑ እያቀያየረ ተጫዋቹን ይዝትበታል። ከጀርባ የልብ ምት ይሰማል፤ ጨዋታው በረዘመ ቁጥር ምቱ እየፈጠነ ይሄዳል። 14,000 ያህል ስለተሠራ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሁለተኛ እጅ ማግኘት ከባድ አልሆነብኝም፤ ከባዱ ሰሌዳው ደህና የሆነውን ማግኘት ነው። ሰሌዳው ላይ የተሣለው ቀይ ጋኔን ነው። ማሽኑ በር ላይ ሲደርስ ባለቤቴ አማተበች፤ ምድር ቤት እስከተቀመጠ ድረስ ግን ፈቀደች።

አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ቫርኒሽ ቀቢ ነበርኩ። ስለዚህ እዚህ ላይ የምሰጠው ፍርድ የእንጨት ሰው ፍርድ ነው። የፒንቦል ሰሌዳ ቢመነዘር ውፍረቱ ከግማሽ ኢንች ጥቂት የሚያልፍ ኮምፔንሳቶ ነው። ሥዕሉ በላዩ ላይ ቀለም በቀለም እየተደራረበ ይታተማል፤ በሥዕሉ ላይ ደግሞ ስስ ላከር (ቶሎ የሚደርቅ ግልጽ ቫርኒሽ) ይረጫል። እዚህም እዚያም ከሥር መብራት የሚያሳልፉ ባለቀለም ፕላስቲኮች ተቀብረዋል። ዊሊያምስ ከ1990 ገደማ ጀምሮ ዳይመንድ ፕሌት ብሎ የሰየመውን ጠንካራ የፖሊዩረቴን ሽፋን መጠቀም ስለጀመረ፣ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ማሽኖች ብዙ ጨዋታ ይችላሉ። ጎርጋር ግን ከዚያ ዐሥር ዓመት ይቀድማል። ላከሩ በዕድሜ ደርቋል፤ እንጨቱ በርጥበት ሲያብጥና በደረቅ አየር ሲኮማተር አብሮት መለጠጥ ስላቃተው በእንጨቱ መስመር ተከትሎ ተሰነጣጥቋል። ከጎማዎቹና ከኮይሎቹ (በኤሌክትሪክ ክፍሎቹን ከሚያንቀሳቅሱት የሽቦ ጥቅሎች) የሚወጣው ጥቁር አቧራ በእነዚያ ስንጥቆች ይገባል፤ ኳሱም አቧራውን እየጨፈለቀ ቀለሙን ይበላል።

የእኔው ላይ የከፋው ጉዳት ኳሱን ተቀብሎ መልሶ ከሚተፋው ጉድጓድ ፊት ለፊት ነበር። ኳሱ ሁልጊዜ የሚያርፈው እዚያችው ቦታ ላይ ስለሆነ ቀዩ ተበልቶ አልቆ የአውራ ጣት ስፋት ያለው ባዶ እንጨት ወጥቶ ነበር። በፖፕ ባምፐሮቹ (ኳሱ ሲነካቸው መልሰው በኃይል በሚወረውሩት ክብ ምሰሶዎች) ዙሪያ ያለውም ቀለም ክብ ሠርቶ ተልጧል።

ለጽዳት የገዛሁት ኖቨስ 2 ነው። በመሠረቱ ለፕላስቲክ ጭረት ማለስለሻ የተሠራ ፈሳሽ ቢሆንም ለፒንቦል ሰሌዳ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። የነጭ ከነቴራ ቁራጭ ላይ ጠብ አድርጌ ክብ ክብ እያልኩ ሳሽ ጨርቁ ወዲያው ጠቆረ፤ ሦስተኛውን ቁራጭ ስቀይር ከሥር የወጣው ቀይ እስከዚያ ድረስ ሳየው ከነበረው ቀይ ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ብዙ ሰው «ቀለሙ ደብዝዟል» የሚለው ከአርባ ዓመት ቆሻሻ በታች ያለውን ሥዕል ስላላየው ነው። ታዲያ ፈሳሹን ወደ ባዶው እንጨት አታስጠጉት፤ ዘልቆ ከገባ በኋላ ቀለም አይዝም። ስንጥቆቹ ውስጥም ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ እሱን በላይተር ቤንዚን በራሰ ጨርቅ መጥረግ ይቻላል። ውሃ ያለበት ማጽጃ ደግሞ ከነጭራሹ ይቅር። ባዶ ኮምፔንሳቶ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ በኋላ ወደ ቦታው መልሼ አስተካክላለሁ ማለት ዘበት ነው።

ሁሉም የሚያሞግሰው ነጭ የሜላሚን ስፖንጅስ? በአልኮል ነክረው ሲያሹት ጥቁሩን መስመር ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ያነሣል፤ ይህ እውነት ነው። የሚያነሣው ግን ስለሚፍቅ ነው። ስፖንጁ በጣም የደቀቀ ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው፤ ከላከሩ ላይ አንድ ሽፋን ሳይወስድ ቆሻሻ አይወስድም። ጠንካራ ክሊር ባለው አዲስ ማሽን ላይ ጉዳቱ ብዙ ላይሆን ይችላል። በ1970ዎቹ ማሽን ላይ ግን ስፖንጁ ቀይ መሆን ከጀመረ የምታነሡት ሥዕሉን ነው። እኔ የተጠቀምኩበት ኳሱ ብዙ በተመላለሰበት መስመር ላይ፣ በጣቴ ጫፍ፣ በቀስታ ብቻ ነው። ገዝታችሁ አስቀምጡት፤ የመጀመሪያው ምርጫችሁ ግን አይሁን።

የቀድሞው ባለቤት በባምፐሮቹ መካከል ማይላር የሚባለውን ግልጽ ፕላስቲክ ለጥፎ ነበር፤ ጠርዙ ተነሥቶ ቆሻሻ ሰብስቧል። እሱን ለማላቀቅ የረዳኝ ለኮምፒውተር አቧራ ማራገፊያ የሚሸጠው የታመቀ አየር ጣሳ ነው። ጣሳውን ገልብጠው ሲረጩት በረዶ የሚያህል ቅዝቃዜ ያወጣል፤ ሙጫው ይደርቅና ፕላስቲኩ በገዛ ራሱ መነሣት ይጀምራል። ሰሌዳው ላይ የቀረውን ሙጫ ያስለቀቅሁት በአልኮልና በፉርኖ ዱቄት ነው። ዱቄቱን ነስንሼ፣ አልኮል ጠብ አድርጌ በመዳፌ ስፈትገው ሙጫው ከዱቄቱ ጋር እየተጠቀለለ ትንንሽ ኳሶች ሆኖ ወጣ። ከሁሉ ዕቃ የረከሰው ይህ ሲሆን፣ ሥራውን ከማንም ኬሚካል አሳምሮ ሠርቷል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀለሙ ከእንጨቱ ተላቅቆ ከሆነ ማይላሩን አትንኩት፤ ከነሥዕሉ ተነሥቶ ይመጣል።

አሁን ወደ ቀለሙ ልግባ፤ እኔን የሚመለከተኝ ነገር ይህ ነው። የተላጠውን ቦታ ለመሸፈን በአንድ ጊዜ የሚለጠፍ የታተመ ተለጣፊ ይሸጣል። ገዝቼ ማሽኑ ላይ ዘርግቼ አየሁት፤ አልለጠፍኩትም። ከተረፈው ሥዕል ጋር ቀለሙ አይገጥምም፤ ጠርዙን ኳሱ እየነካ ያነሣዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ አውራ ጣት የሚያህል ጉዳት ለመሸፈን ሲባል ደህናው ሥዕል በሙሉ ይሸፈናል። ፋብሪካው ያተመው ቀለም እስካለ ድረስ መትረፍ አለበት። የቀረውን ለመሙላት ብሩሽ ይበቃል።

ብሩሹ ጥሩ ይሁን። ለሥዕል የሚሸጥ፣ ቁጥሩ ዜሮ ወይም ሁለት ዜሮ የሆነ፣ ጫፉ ሲረጥብ ወደ አንድ ነጥብ የሚሰበሰብ ብሩሽ ግዙ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ቀለሙ ለኤር ብራሽ (ቀለምን በአየር ለሚረጨው ትንሽ መሣሪያ) ተብሎ የቀጠነ አክሪሊክ፣ ማለትም በውሃ የሚቀጥን ቀለም፣ ቢሆን እመርጣለሁ። ወፍራሙ አክሪሊክ የብሩሹን ዱካ ይተዋል፤ ኳሱም እዚያ ላይ ሲደርስ ያነክሳል።

ባዶው እንጨት ላይ ቀለም ከማረፉ በፊት ሁለት ሥራ አለ። የመጀመሪያው ዙሪያውን ከሰም ማጽዳት ነው፤ ለዓመታት የተቀባው ሰም በሙሉ በላይተር ቤንዚን ካልተነሣ፣ በኋላ የሚመጣው ክሊር እዚያ ቦታ ላይ ሸሽቶ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ይከፍታል። ሁለተኛው እንጨቱን ማተም ነው። ለዚህ የመረጥኩት ሰም የወጣለት ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የተፈጥሮ ቫርኒሽ) ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ከሥሩም ከላዩም ያለውን ሁሉ ይይዛል፣ የውሃው ቀለም እንጨቱን እንዳያሳብጠውም ይከላከላል። ከዚህ በኋላ ነው ብሩሽ የሚነሣው።

የጎርጋር ቀይ ከቱቦ እንደወጣ የሚገጥም ቀይ አይደለም። በላዩ ያለው ላከር በዕድሜ ቢጫ ስለሆነ፣ ንጹሕ ቀይ ብትቀቡበት ቁስል ይመስላል። ቀዩን ጥቂት ቡናማና አንድ ጠብታ ቢጫ አገናኝቼ አበረድኩት። ሌላው ችግር አክሪሊክ እርጥብ ሆኖ ሲታይና ሲደርቅ አንድ አለመሆኑ ነው፤ ሲደርቅ ይጠቁራል። ስለዚህ ቀለሙን በቀጥታ ሰሌዳው ላይ አልሞከርኩትም። ለፕሮጀክተር የሚያገለግለውን ግልጽ የፕላስቲክ ወረቀት ቆርጬ፣ ነጠብጣቡን እሱ ላይ አድርጌ፣ ሲደርቅ ደህናው ቀይ ላይ አሳረፍኩት። ነጠብጣቡ ዓይኔ ላይ ከጠፋ ቀለሙ ገጥሟል ማለት ነው። ሙከራውን አንዴ በቀን ብርሃን፣ አንዴ ደግሞ በማሽኑ በራሱ አምፖሎች ማየት ግድ ነው። መስኮት አጠገብ አንድ የመሰለኝ ቀይ፣ በአሮጌዎቹ አምፖሎች ቢጫ ብርሃን ሥር ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ ጥቂት ቡናማ ጨምሬ ሁለቱንም ብርሃን አስማማሁ። ይህቺን ግልጽ ወረቀት ከኳሱና ከኖቨስ ቀጥሎ ከገዛኋቸው ሁሉ አስቀድማታለሁ።

ቀይ በባሕርዩ ስስ ቀለም ነው፤ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። አንዴ አወፍሮ ከመቀባት እያደረቁ ደጋግሞ ማሳሳት ይሻላል። ጠርዙ ላይ ደግሞ አዲሱን ቀለም በአሮጌው ላይ አታሳልፉት፤ ልክ መስመሩ ላይ ይቁም። ጥቁሮቹን የሥዕል መስመሮች መጨረሻ ላይ በቀጭን የቴክኒካል ድሮዊንግ ብዕር መልሼ ሣልኳቸው፤ ቀለሙ አልኮል የማይበግረው ዓይነት መሆኑን አስቀድሜ ቁራጭ እንጨት ላይ አረጋግጬ ነበር።

መብራት የሚያሳልፉት ፕላስቲኮች ዓይን የማያየውን ጉዳት ይይዛሉ። ጥፍራችሁን ከእንጨቱ ወደ ፕላስቲኩ አንሸራትቱ። ጥፍሩ ከያዘ ፕላስቲኩ ሰጥሟል ወይም ተነሥቷል፤ ኳሱም እዚያው ቦታ ላይ እየዘለለ ጠርዙን ይቀረጥፋል። የተነሣውን በፀጉር ማድረቂያ በልኩ አሙቄ፣ ጠፍጣፋ እንጨት ጭኜበት በሞርሳ አጠበቅሁና ከሥሩ ሱፐር ግሉ አስገባሁ። የሰጠመውን ክሊር እያንጠባጠቡ መሙላት ይቻላል፤ ይህ አሰልቺ ቢሆንም ከባድ አይደለም።

ሰዎች አጥብቀው የሚከራከሩበት የላይኛው ሽፋን ነው። በአንድ በኩል የመኪና ቀቢዎች የሚጠቀሙበት፣ ከሃርድነር (ከማጠንከሪያ ኬሚካል) ጋር ተደባልቆ የሚደርቀው ክሊር አለ። ስፕሬይማክስ የተባለው የጀርመን ምርት ይህንኑ በጣሳ አድርጎ ይሸጣል፤ ከታች ያለው ቁልፍ ሲመታ ሃርድነሩ ጣሳው ውስጥ ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ካልተረጨ አያገለግልም። በሌላ በኩል ለእንጨት ወለል የሚሸጠው በውሃ የሚቀጥን ፖሊዩረቴን አለ። አጎቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ መኪና ሲቀቡ የኖሩ ናቸውና ምክራቸውን ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ምድር ቤት ውስጥ መስኮቱን ከፍቼ ብረጨውስ?» አልኳቸው።

«ምድር ቤት? ልጆችህ ከላይ የሚተኙበት?» አሉኝ። «ሽታው ሲጠፋ መርዙም የጠፋ እንዳይመስልህ። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት ሽታ የለውም። ሳንባህ አንዴ ከተቆጣ ደግሞ ከዚያ በኋላ ትንሹም ይበቃዋል። እኛ እንኳ አየር በቱቦ ከውጭ እየመጣልን ነው የምንረጨው።»

ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። አይሶሲያኔት አስም እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፤ ተራው ጭንብልም፣ ማጣሪያው ማለቁን የሚያስታውቅ ጠረን ስለሌለ፣ አያስተማምንም። ይሁን እንጂ የሽፋኑን ጥራት መካድ አልችልም። አጎቴ በሚሠሩበት የመርጫ ክፍል ውስጥ የረጩልኝን የሙከራ ኮምፔንሳቶ ኳስ ጥዬበት አየሁት፤ ብርጭቆ ሆኗል። ማሽናችሁ ቡና ቤት ወይም ሕዝብ የሚጫወትበት ቦታ የሚቀመጥ ከሆነ ሰሌዳውን ባዶ አድርጋችሁ የመኪና ቀቢ ዘንድ ውሰዱት፤ ክፍያው አያስቆጭም። በቤተሰብ ለሚጫወት ማሽን ግን የውሃው ፖሊዩረቴን ይበቃል ባይ ነኝ፤ እኔም የቀባሁት እሱን ነው። ጣሳው ውስጥ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል፤ እንደ ዘይቱ ቫርኒሽ ቢጫ አይሆንም። ሥራውን የጀመርኩት ጥቅምት ሲገባ ነው። የሜሪላንድ ሐምሌ አየር በርጥበት የከበደ ስለሆነ የውሃ ሽፋን በወጉ አይደርቅበትም።

አቀባቡ የቤት ዕቃ አቀባብ ነው። ስስ ሽፋን፣ ማድረቅ፣ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሻሸት፣ አቧራውን መጥረግ፣ እንደገና መቀባት። የመጨረሻው ሽፋን ከጠነከረ በኋላ በ1000፣ በ1500 እና በ2000 ወረቀት እየረጠበ ይታሻል፤ ከዚያ ኖቨስ 2 ብርሃኑን ይመልሳል። መብራት በአግድም ይዛችሁ ካያችሁ የቀረው እብጠትና የብሩሽ ዱካ ሁሉ ይታያል፤ ከላይ ብቻ አይታችሁ አልቋል አትበሉ።

የሚቀጥለው ትዕግሥት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ሥራ ይበላሻል። ክሊሩ ሲነካ ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ጎማ የሚይዙት ምሰሶዎች ቶሎ ከተጠበቁ ከሥራቸው ያለውን ሽፋን ወደ ጎን ይገፉትና ዙሪያውን ያጨማድዱታል። ሳምንታት ጠብቁ፤ ብሎኖቹን ስትመልሱም እስኪይዙ ድረስ ብቻ አጥብቁ። ሰምም ከዚያ በፊት አይቀባ።

ክረምቱን በሙሉ ተጫወትንበት። የልጆቼ ጓደኞች ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰለፉበታል፤ ሰሌዳው ግን አልተላጠም። መብራት በአግድም ሲበራበት ኳሱ ያረፈባቸው በጣም ደቃቅ ጎድጓዳዎች ይታያሉ፤ ከፋብሪካ ትኩስ የወጣ ማሽንም እነዚህን ያወጣል፤ አያሳስቡኝም። ጉድጓዱ ፊት ለፊት ያለው ቀይ ቦታ የት እንደነበር ለማያውቅ ሰው አይታይም። ለሚያውቅ ሰው በደንብ ጎንበስ ካለ ይታያል፤ ያ ለእኔ በቂ ነው።

የመጨረሻ ግዢዎቼ ትንንሽ ናቸው፤ ሁለቱንም ያለማመንታት አስገዛችኋለሁ። አንዱ በፖፕ ባምፐሮች ሥር የሚለጠፈው ክብ ማይላር ነው፤ ኳሱ ሲወረወር የሚያርፍበትን ቀለበት ይጠብቃል፤ በጣም ስለሚስስ ከአንድ ክንድ ርቀት አይለይም። ሌላው ንጹሕ የካርናውባ ሰም (ከዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ጠንካራ ሰም) ነው። ማለስለሻ ኬሚካል የተቀላቀለበትን የመኪና ሰም አትግዙ፤ ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ስስ አድርጎ መቀባት፣ ሲነጣ በንጹሕ ጨርቅ ማንሣት ነው። ኳሱ ወዲያው ይፈጥናል፤ የተጫዋቹ እጅም መልመድ ይኖርበታል።

ባዶው እንጨት ከመዳፋችሁ የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም ሥዕሉ ጠፍቶ ምን እንደነበረ መገመት ካቃታችሁ፣ ይህን ሁሉ አትግዙ። ለብዙ የታወቁ ማሽኖች አዲስ የታተመ ሰሌዳ ይሠራል። ውድ ነው፣ ሥር ያለውን ሽቦና ኮይል ሁሉ ወደ አዲሱ ማዛወርም ብርቱ ሥራ ነው፤ ግን ለእንደዚያ ዓይነት ሰሌዳ መፍትሔው እሱ ነው። አሮጌውንም አትጣሉት፤ ብሩሽ ለሚለማመድ ሰው ከእሱ የተሻለ መለማመጃ አይገኝም።